የሀብታም መዝናኛ የነበረች መርከብ ለጦርነት ስትጠራ

ሊፕተን የሻይ ስም ብቻ አይደለም። ሰር ቶማስ ሊፕተን ግላስጎው ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ከሱቅ ንግድ ተነሥቶ በሻይ የከበረ ሰው ነበር። ከንግዱ ቀጥሎ ልቡን የሰጠው ለባሕር ነው። ኤሪን የምትባል በእንፋሎት የምትሄድ የመዝናኛ መርከብ ነበረችው። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ማግስት፣ በ1915፣ በዚችው መርከብ ሐኪሞችንና ነርሶችን ወደ ሰርቢያ አደረሰ። ከዚያ የብሪታንያ ባሕር ኃይል ወሰዳትና ኤጉዛ ብሎ በጦር መርከብነት አሰማራት። በኤፕሪል 1916 ዩ-73 የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ማልታ ደሴት አጠገብ ፈንጂ አጥምዶ ሄደ። ራስል የተባለችው ትልቅ የጦር መርከብ በወሩ 27ኛ ቀን እዚያ ሰጠመች፤ ኤጉዛም በማግስቱ በዚያው አካባቢ ፈንጂ መታትና ተከተለቻት። እስከ ዛሬ እዚያው ባሕር ሥር ናት። (ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለው ዕጣ የኤጉዛ ብቻ አልነበረም። ያት የምንላቸው የመዝናኛ መርከቦች በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ግራጫ ቀለም ተቀብተው ወደ ውጊያ ገብተዋል። ለእንግዳ ማረፊያ፣ ለምሳና ለሙዚቃ የተሠራ ነገር ሰርጓጅ መርከብ ፊት ምን ያደርጋል? ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ መልሱ ግን ባሕር ላይ የሚካሄድ ጦርነት እንዴት እንደሚሠራ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ባሕር ኃይል በሰላም ዘመን ገንዘቡን የሚያፈሰው በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ነው። ጦርነቱ በጀመረ በመጀመሪያው ወር የሚጎድሉት ግን ትንንሾቹ ናቸው። የወደብ አፍ የሚጠብቅ ያስፈልጋል። ነጋዴ መርከቦችን አጅቦ የሚሄድ፣ ፈንጂ የሚጠርግ፣ ከሰጠመ መርከብ የተረፈውን ሰው ከውሃ የሚያወጣ ያስፈልጋል። አዲስ የአጀባ መርከብ ተነድፎ፣ ብረቱ ተቆርጦ፣ ተገጣጥሞ ባሕር እስኪገባ ወራት አልፎ ዓመት ይፈጃል። ጠላት ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። ያት ግን ተሠርታ ወደብ ላይ ታስራለች፤ ሞተሯ ይሠራል፤ ረጅምና ቀጭን ስለሆነች ፈጣን ናት፤ ውቅያኖስ ለመሻገር የተሠራች ከሆነም ማዕበል ታውቃለች። ሳምንታት ከሠሩባት ለጥበቃ ትወጣለች። ስለዚህ ባሕር ኃይል ያትን ሲወስድ የሚያገኘው ከሁሉ በላይ ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነጥብም አለ። የዚያ ዘመን ሰርጓጅ መርከብ እንደ ዓሣ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ የሚኖር አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው ውሃው ላይ ነው፤ የሚሰርገው ሲያጠቃና ሲሸሽ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን በብዛት የሠራችው ዓይነት ውሃ ላይ በሰዓት ወደ 33 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ ውሃ ውስጥ ቢበዛ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ያንኑም ባትሪው ስለሚያልቅ ለአጭር ጊዜ ነው። አንዴ ከሰረገ አዝጋሚ ይሆናል፤ ዓይኑም ከውሃው በላይ የምትወጣው መመልከቻ ቱቦ፣ ፔሪስኮፑ፣ ብቻ ናት። ያቷ ሰርጓጁን ባትገድለው እንኳ ገና ሲያያት እንዲሰርግ ታስገድደዋለች፤ እሱ ውሃ ውስጥ ሲንፏቀቅ ነጋዴ መርከቦቹ አምልጠውት ይሄዳሉ። ያቷን ያዋጣት መድፏ አልነበረም፤ በቦታው መገኘቷ ነው። እኔ ይህን እስክረዳ ድረስ የእነዚህ መርከቦች ታሪክ በሙሉ ከንቱ ጀግንነት ይመስለኝ ነበር።

ለውጡ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ምንጣፉ፣ ፒያኖው፣ ከውድ እንጨት የተሠራው የግድግዳ ልባስ ተነቅሎ ይወጣል። አንድም ለቃጠሎ ምግብ እንዳይሆን ነው፤ አንድም ባለቤቱ ከቤተሰቡና ከእንግዶቹ ጋር ይሄድባት በነበረችው መርከብ ላይ በርካታ መርከበኞች ስለሚተኙ ነው። ቀጥሎ መድፍ ይተከላል። ይህ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። መድፍ ሲተኮስ ወደ ኋላና ወደ ታች በኃይል ይገፋል፤ ለእግር ጉዞ የተነጠፈ የእንጨት ወለል ያን ግፊት አይችለውም። ስለዚህ ከወለሉ ሥር የብረት ምሰሶ ይቆማል፣ ወለሉም በብረት ሰሌዳ ይጠነክራል። ከዚያ ሚዛኗ ይሰላል፤ ከላይ ክብደት የተጫነባት ቀጭን መርከብ ማዕበል ሲመታት ለመገልበጥ ትቀርባለችና። ከኋላ ጫፏ የጥልቀት ቦምብ መደርደሪያ ይገጠማል። የጥልቀት ቦምብ ማለት ፈንጂ የታጨቀበት በርሜል ነው፤ ባሕር ውስጥ ተጥሎ አስቀድሞ የተወሰነለት ጥልቀት ላይ ሲደርስ ይፈነዳል።

እዚህ ላይ የያቷ ቀጭንነት ዋጋ ያስከፍላል። ቦምቡ ሲፈነዳ ውሃው ሰርጓጁን ብቻ አይመታም፤ የጣለችውንም መርከብ ይመታታል። በሜይ 21 ቀን 1918 ክሪስታቤል የምትባል የቀድሞ ያት የአሜሪካንን ባንዲራ አንግባ በፈረንሳይ ጠረፍ ባሕር ላይ ሰርጓጅ አገኘች። የጣለችው ቦምብ ራሷን ክፉኛ አናወጣት፤ ለመተኮስ ተዘጋጅተው የነበሩ ሌሎች ቦምቦች ከቦታቸው ተፈናቅለው ወለሉ ላይ ይንከባለሉ ጀመር። ዳንኤል ሱሊቫን የተባለ መኮንን ቦምቦቹ ላይ ወደቀባቸውና አንድ በአንድ አስሮ አቆማቸው። ለዚህ ሥራው የአገሩን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸልሟል። ዩሲ-56 የተባለው ሰርጓጅም ተጎድቶ ኖሮ ከሦስት ቀን በኋላ ገለልተኛ ወደነበረችው ስፔን፣ ሳንታንዴር ወደብ ገብቶ እዚያው ታገደ። ክሪስታቤል አላሰጠመችውም፤ ግን ከጦርነቱ አስወጣችው።

የሕጉን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ያለ እሱ ነገሩ ሁሉ ወንበዴነት ነውና። ድሮ መንግሥታት ለግለሰብ ደብዳቤ ጽፈው የጠላትን መርከብ እንዲዘርፍ ይፈቅዱለት ነበር። በ1856 የፓሪስ ቃል ኪዳን ይህ ልማድ ተሻረ። በ1907 ደግሞ ሄግ ላይ የግል መርከብ እንዴት የጦር መርከብ እንደሚሆን የሚወስን ስምምነት ወጣ። ጽሑፉ ስለ ንግድ መርከቦች ነው፤ ሐሳቡ ግን ለያቶችም የሚሆን ነው። መርከቧ በቀጥታ በመንግሥት ሥልጣን ሥር ትሁን፤ የጦር መርከብ ምልክት በግልጽ ይታይባት፤ አዛዡ በመንግሥት የተሾመ መኮንን ይሁን፤ መርከበኞቹ በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ይተዳደሩ፤ የጦርነትን ሕግ ያክብሩ፤ ስሟም በጦር መርከቦች መዝገብ ይግባ ይላል። አንድ ሀብታም ጀልባው ላይ መትረየስ ጭኖ አገሬን ልጠብቅ ብሎ ቢወጣ፣ ልቡ ቅን ቢሆንም ሕጉ አያውቀውም። ሲማረክም እንደ ወታደር የመያዝ መብቱ አጠራጣሪ ይሆናል። ባንዲራው፣ የደንብ ልብሱና መዝገቡ ሰዎቹን የሚጠብቅ ጋሻ ነው።

መንግሥት መርከቧን የሚያገኘው በግዢ፣ በኪራይ ወይም በግዴታ ነው። አሜሪካ በ1898 ከስፔን ጋር ስትዋጋ የባንክ ባለጸጋውን የጄ. ፒ. ሞርጋንን ኮርሴር በ225,000 ዶላር ገዛች፤ ስሟንም ግሎስተር አለቻት። አዛዥ የሆነላት ሪቻርድ ዌይንራይት፣ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ሃቫና ወደብ ፈንድታ የሰጠመችው የአሜሪካ የጦር መርከብ የሜይን ምክትል አዛዥ ነበር። በጁላይ 3 ኩባ፣ ሳንቲያጎ ባሕር ላይ የስፔን መርከቦች ከወደብ ሰብረው ሲወጡ፣ ግሎስተር ምንም የብረት ጋሻ ሳይኖራት ፉሮርና ፕሉቶን የተባሉትን ሁለት ዴስትሮየሮች (ፈጣን የጦር መርከቦች) ቀርባ ገጠመች። ሁለቱም ጠፉ። እሷ ግን አንድም ሰው አልሞተባትም፤ የተሸነፉትን ስፔናውያን ከእሳትና ከውሃ ያወጣች፣ የስፔን መርከቦችን አዛዥ አድሚራል ሰርቬራንም ተቀብላ ያሳፈረች እሷው ናት። አስደናቂ ታሪክ ነው። ሆኖም ሰውን ያሳስታል። ሁለቱን ዴስትሮየሮች የትልልቆቹ የአሜሪካ መርከቦች ጥይትም ይመታቸው ነበር። ደግሞም ያት እንዲህ ፊት ለፊት ተዋግታ የምታሸንፈው ከስንት አንዴ ነው። የዘወትር ሥራዋ አሰልቺ ጥበቃ ነው፤ የመጨረሻዋም ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካዋን ያት አልሲዶን እንያት፤ በኖቬምበር 5 ቀን 1917 በፈረንሳይ ጠረፍ አቅራቢያ ቶርፔዶ (ውሃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) ሲመታት በስምንት ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች፤ 21 ሰዎቿም አለቁ።

ከሁሉ የገረመኝ የካናዳ ነገር ነው። ካናዳ በ1939 ጦርነት ስትገባ የነበሯት ዴስትሮየሮች ስድስት ብቻ ነበሩ፤ የምትጠብቀው ጠረፍ ግን የትየለሌ ነው። በአገሯ ለዚህ የሚሆን ትልቅ ያት እምብዛም አልነበረም። አሜሪካ ዘንድ ሞልቷል፤ ነገር ግን አሜሪካ ገና ገለልተኛ ስለነበረች ሕጓ ለተዋጊ አገር መርከብ መሸጥን ይከለክላል። የካናዳ ባሕር ኃይል ታዲያ የራሱን አገር ባለ ጀልባዎች በምስጢር ጠራ። እነሱም ድንበር ተሻግረው እያንዳንዱ ለራሱ መዝናኛ እንደሚፈልግ ሆኖ ገዛ። መርከቦቹ ካናዳ ሲደርሱ መንግሥት በግዴታ ወሰዳቸው፤ ገንዘቡንም ለገዢዎቹ ከፈለ። 14 ያቶች በዚህ መንገድ ገቡ። አብዛኞቹም የዱር አራዊት ስም ወጣላቸው፦ ቢቨር፣ ተኩላ፣ ቀበሮ የመሳሰለ።

ኦተር በማርች 1941 ሃሊፋክስ አጠገብ እሳት ተነሥቶባት 19 ሰዎች ሞቱ። ራኩን በሴፕቴምበር 1942 በሴንት ሎውረንስ አጀብ ላይ ሳለች ዩ-165 መታት፤ ከሰዎቿ አንድም አልተረፈም። የቀሩት ያቶች፣ ኮርቬት የሚባሉት ለአጀባ የተሠሩ መርከቦች ከፋብሪካ እየወጡ እስኪደርሱ ክፍተቱን ሞልተው ቆይተዋል። ከያቶች የተፈለገውም ይኸው ነበር።

ብሪታንያ በሜይ 14 ቀን 1940 በቢቢሲ ባስነገረችው ትእዛዝ፣ ርዝመታቸው ከ30 እስከ 100 ጫማ የሆነ ባለ ሞተር የመዝናኛ ጀልባ ያላቸው ሁሉ በ14 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቁ ጠየቀች። ብዙዎች ይህን ከደንከርክ፣ ማለትም የተከበቡ ወታደሮች በባሕር ካመለጡባት የፈረንሳይ ወደብ፣ ጋር ያያይዙታል፤ ደንከርክ ግን ገና አልታሰበም ነበር። የሚያስጨንቃት በብረት የሚነቃው መግነጢሳዊ ፈንጂ ነው፤ የእንጨት ጀልባ ደግሞ ፈንጂውን አይቀሰቅሰውም። ሆኖም መዝገቡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሌላ ሥራ ዋለ። ከደንከርክ ከወጡት ከ338,000 በላይ ወታደሮች መካከል ወደ 130 የሚሆኑት የመጡት በአንዲት ሰንዳውነር በምትባል ጀልባ ነው። የነዳትም ከታይታኒክ ሞት የተረፈው መኮንን ቻርልስ ላይቶለር ነው፤ ልጁና አንድ ወጣት ስካውት አብረውት ነበሩ።

የአሜሪካ ተራ በ1942 መጣ። ጀርመን ሰርጓጆቿን ወደ አሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ስትልክ ከተሞቹ መብራታቸውን እንኳ አላጠፉም ነበር። ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ከባሕር ዳርቻ በሚታይ ርቀት ይቃጠሉ ጀመር። ያኔ ባለ ሸራ ያቶች ተጠሩ። ሸራ በራዳር ዘመን ኋላ ቀር ይመስላል፤ ግን አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፦ ዝምታ። በውሃ ውስጥ ማዳመጫ የሰርጓጅን ሞተር ድምፅ የምትለይ መርከብ የራሷ ሞተር ከጮኸ ምንም አትሰማም። በሸራ የምትሄደው ግን ለቀናት እየተንሳፈፈች ልታዳምጥ ትችላለች፤ ነዳጅም አትጨርስም። ሰዎቻቸው ኮሌጅ ተማሪዎች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ በዕድሜ ወይም በጤና ምክንያት ጦሩ የመለሳቸው ነበሩ። ሕዝቡ “የዱርዬዎች ባሕር ኃይል” ብሎ ቢጠራቸውም፣ ሰሜን አትላንቲክ በክረምት የሚያውቅ ሰው አይስቅባቸውም። ዛይዳ የምትባለው 18 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ጀልባ በዲሴምበር 1942 መጀመሪያ ናንተኬት ደሴት አጠገብ ማዕበል ሰባበራት። ዘጠኙ ሰዎቿ በነፋስ እየተነዱ፣ ብዙ መርከቦችና አውሮፕላኖች ሲፈልጓቸው፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ባሕር ላይ ቆዩ። የተገኙት ሰሜን ካሮላይና፣ ኦክራኮክ አጠገብ ነው፤ ዘጠኙም በሕይወት።

አሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎች በተለይ ልተርክ የምፈልገው ግን የሲ ክላውድን ነገር ነው። በ1931 ጀርመን፣ ኪል ከተማ የተሠራች ባለ አራት ምሰሶ ውብ ያት ናት። ባለቤቷ ማርጆሪ ፖስት በዓመት በአንድ ዶላር ኪራይ ለጠረፍ ጠባቂው ኃይል ሰጠቻት። ምሰሶዎቿ ተነቀሉ፣ ነጭ ቀለሟ ግራጫ ሆነ፤ ሥራዋም አትላንቲክ መካከል ቆማ የአየር ሁኔታን መዝግቦ ማስተላለፍ ነበር። ያን ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያን መርከብ ላይ የሚቀጠሩት በአብዛኛው ለወጥ ቤትና ለመኮንኖች አገልግሎት ነበር። ካርልተን ስኪነር የተባለ ነጭ መኮንን፣ በሌላ መርከብ ላይ ሳለ የሞተር ሙያ የተማረና ፈተናውን ያለፈ ጥቁር መርከበኛ በቀለሙ ምክንያት ሹመት ሲከለከል አይቶ ነበር። ያ ነገር አልተወውም። በ1943 መጨረሻ ሲ ክላውድን እንዲያዝ ሲሰጠው፣ ጥቁሮችና ነጮች በየሙያቸው እኩል አብረው የሚሠሩባት መርከብ አደረጋት፤ ጥቁር መኮንኖችም ነበሩባት። አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ፣ አብረው ዘብ ቆሙ። ስኪነር ጋዜጣ አልጠራም፤ እንደ ማንኛውም መርከብ ትመዘን አለ። ስትፈተሽም ጉድለት አልተገኘባትም። ሠዓሊው ጄከብ ሎውረንስ ከመርከበኞቿ አንዱ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በጦሩ ውስጥ የዘር መለያየትን በአዋጅ የሻረው በ1948 ነው፤ ይህች የሀብታም መርከብ ከአራት ዓመት በላይ ቀድማዋለች። ሸራዋ ተመልሶላት ዛሬም መንገደኛ እየጫነች ትጓዛለች።

በዚያው በኪል፣ ሲ ክላውድ በተሠራችበት ፋብሪካ፣ ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ አርጎሲ የምትባል ያት ተሠርታ ነበር። በሁለተኛው ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወስዶ ሲቴራ አላት። ስሙ የሟች ስም ነው፤ ቀዳሚዋ ሲቴራ፣ እሷም ያት፣ በሜይ 1942 ሰሜን ካሮላይና አቅጣጫ በቶርፔዶ ስትመታ 69 ሰዎች ሞተዋል። የተረፉት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ያሰጠማቸው ሰርጓጅ ራሱ አንሥቶ ማርኮ ጀርመን ወሰዳቸው። ሁለተኛዋ ግን ጦርነቱን በሰላም ጨረሰች። በ1947 ቤን ሄክት ተብላ ከፈረንሳይ ወደ 600 የሚጠጉ አይሁዳውያን ስደተኞችን ጭና ወደ ፍልስጤም ስትጓዝ እንግሊዞች ያዟት፤ መንገደኞቹንም ወደ ቆጵሮስ ወሰዷቸው። በዓመቱ እስራኤል ስትመሠረት ማኦዝ ተብላ በአዲሱ ባሕር ኃይል ገባች። በኦክቶበር 22 ቀን 1948 ጋዛ ፊት ለፊት ኤሚር ፋሩቅ የተባለችውን የግብፅ መርከብ ያሰጠሙት ፈንጂ የተጫነባቸው ጀልባዎች የተነሡት ከእሷ ላይ ነው።

የቀረኝ የአዮሌር ነገር ነው። ለማንሣት የሚከብደኝም እሱ ነው። አዮሌር በስኮትላንዱ የጌሊክ ቋንቋ ንስር ማለት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ለባሕር ኃይል ታገለግል የነበረች ያት ናት። ጦርነቱ በኖቬምበር 1918 አበቃ፤ ከሉዊስ ደሴት ዘምተው የተረፉት ሰዎች አዲሱን ዓመት ከቤተሰባቸው ጋር ለመቀበል ባቡር በሚያደርሳቸው የስኮትላንድ ወደብ ላይ ተሰበሰቡ። የዘወትሯ መመላለሻ ስላልበቃች አዮሌር ተላከችላቸው። ወደ 280 ሰዎች ተሳፈሩ። ነፍስ አድን ጀልባዎቿ የሚይዙት 100 ሰው ነው፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያ የነበረው ለ80 ሰው ብቻ ነው። ለጥቂት ሰዎች የተሠራች መርከብ ናትና።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1919 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ የደሴቲቱ ወደብ የስቶርኖዌይ መብራት እየታያቸው፣ ከአፋፉ አጠገብ ያሉት ዐለቶች ላይ ወጣች። ከየብሱ የሚለያቸው 20 ሜትር ያህል ነበር። ጆን ማክላውድ የተባለ መርከበኛ ገመድ ይዞ በማዕበሉ ውስጥ ዋኝቶ ዳር ደረሰ፤ ከተረፉት 79 ሰዎች 40 ያህሉ የወጡት በዚያ ገመድ ነው። 201 ሰዎች ሞቱ። አራት ዓመት ጦርነት ያልገደላቸው፣ በራቸው ላይ። በነጋታው ጠዋት ቤተሰቦች ባሕር ዳር ወርደው የየራሳቸውን ሰው ከአሸዋው ላይ ፈለጉ። በደሴቱ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ስለዚያ ሌሊት ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም። ዛሬ ወደ ስቶርኖዌይ በመርከብ የሚገባ ሰው ዐለቶቹ ላይ አንድ ምልክት ቆሞ ያያል።